አሜሪካ ድረስ ያስጠየቀ ጋቢ

በዚያ ዘመን አደገኛው ነገር መልስ እንዳይመስላችሁ። መልስማ ተዘጋጅቶ ከላይ ይመጣልን ነበር፤ የእኛ ድርሻ ግራ እጃችንን ማንሳትና ማጨብጨብ ብቻ ነው። አደገኛው ጥያቄ ነበር። እሱም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ እምብዛም አይጎዳም፤ ሰውን የሚያስበላው ተከትሎት የሚመጣው ነው። «ለመሆኑ ይህን ከየት ሰማኸው?» የምትለዋ። ይህችን የተጠየቀ ሰው ከየትም እንዳልሰማ፣ ጭራሽ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮ የሚባል ነገር እንዳልነበረው ማስረዳት ይጠበቅበታል።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ጎረቤቴ «እንዴት አደርክ?» ሲለኝ፣ እንዴት እንዳደርኩ ማወቁ ምን ያደርግለታል ብዬ አስባለሁ። ከደገመልኝማ የዚያን ቀን ምሳ አይበላልኝም። ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፣ አልቀየማችሁም፤ ግን ያን ጊዜ ጉለሌ ብትኖሩ ኖሮ መጀመሪያ ግራና ቀኛችሁን ሳታዩ አትስቁም ነበር።

ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ተሸክሜ ታዲያ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነበረችኝ። የውጭው ጣቢያ በአማርኛ የሚናገርበት ሰዓት ሲደርስ በሬን ቀርቅሬ፣ ብርድ ልብሴን ከነሬዲዮዋ ተከናንቤ፣ ድምፅዋን እስከ ሹክሹክታ አወርድና ጆሮዬን እለጥፍባታለሁ። የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ ምን እንደሚያስከትል በየስብሰባው ይነገረናል። እኔም እዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ከሁሉም አስበልጬ አጨበጭባለሁ። የሚያዳምጥ ሰው ጭብጨባው ማነስ የለበትም።

አንድ ምሽት ሬዲዮዋ እንግዳ ነገር አነሳች። በአሜሪካ አገር ሹመት የሌለው ተራ ሰው፣ ወንጀል የፈጸመበትን ሰው ራሱ ፍርድ ቤት አቁሞ በወንጀል መክሰስ ይችላል ወይስ አይችልም? ሌላ ጊዜ ቢሆን «እኔ ምን አገባኝ» ብዬ ጣቢያ እቀይር ነበር። የዚያን ምሽት ግን ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አዳመጥኩ። ምክንያቱ የጋሽ ቶና ጋቢ ነው።

ጋሽ ቶና ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር መጥተው ሽሮ ሜዳ የቀሩ ሸማኔ ናቸው፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ልጃቸው ጌታሁን ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ የወጣ ጊዜ፣ ሊሄድ አንድ ወር ቀርቶት ነበርና፣ የደንበኛ ሥራቸውን ሁሉ አቁመው ለእሱ ጋቢ መሥራት ጀመሩ። ጥጡን ሚስታቸው ፈተሉት። ልጁ የሚሄድበት አገር ብርድ ይሁን ሙቀት የነገራቸው ሰው የለም፤ የት እንደሚሄድም የነገራቸው የለም። ጋሽ ቶና ግን ብርድ ይሆናል ብለው ወስነዋል። ለሙቀት የሚሆን ነገር መሥራት አያውቁማ።

ጥለቱን ሲሠሩ ቀዩ ክር ጫፉ ላይ ሲደርሱ አለቀባቸው። ቀኑ እየሄደ ስለነበር ክር ፍለጋ ሳይወጡ የመጨረሻዋን አንድ ስንዝር በሰማያዊ ጨረሷት። «ቢጠፋበት ይለይበታል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጋቢው ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጣ። ከአጥሩ ላይ ጠፋ።

በአራተኛው ቀን ተገኘ። ያገኙትም ራሳቸው ጋሽ ቶና ናቸው፣ በቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ በጓድ ደምሴ ትከሻ ላይ። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አብዮተኛ ነው ብሎ የሚምረው ሰው የለም። ጓድ ደምሴ ጋቢውን ደርቦ፣ በላዩ ላይ ጠመንጃውን አንግቶ በሽሮ ሜዳ ሲያልፍ፣ ሰማያዊዋ ስንዝር ከጉልበቱ በታች ትወዛወዛለች። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ሸማኔ ሁሉ አያት። ሁሉም ደግሞ ወዲያው ሌላ ነገር ማየት ጀመረ።

ጋሽ ቶና አቤት ያሉበትን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የሰፈሩ አቤቱታ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ጋሽ ቶናም «ጸሐፊ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ስሜን ግን የትም አላሰፍርም፤ እንዲያውም ጽሑፉ የአንድ ሰው መሆኑ እንዳይታወቅ ለእያንዳንዱ አመልካች ፊደሌን ትንሽ ትንሽ አጣምም ነበር። ማመልከቻው ከቀበሌ ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዶ በሳምንቱ ተመለሰ። «ክስ ለመመሥረት የሚያስችል በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ መዝገቡ ተዘግቷል» ይላል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል የፈጠነ መልስ አይቼ አላውቅም። ፍጥነቱም አጠራጠረኝ።

«ማስረጃው እኮ ሰውየው ትከሻ ላይ ነው» አሉኝ ጋሽ ቶና።

«ቢሆንም ጋሼ፣ ዐቃቤ ሕጉ ካልከሰሰ ሌላ የሚከስ የለም።»

«ለምን? ጋቢው የዐቃቤ ሕጉ ነው እንዴ?»

እንግዲህ ሬዲዮዋ ያንኑ ጥያቄ ስታነሳ በብርድ ልብስ ውስጥ ላብ ያጠመቀኝ ለዚህ ነው። ተናጋሪው ነገሩን እያገላበጠ አስረዳ። በትልቁ፣ በማዕከላዊው መንግሥት ፍርድ ቤቶች ፈጽሞ አይቻልም አለ፤ በወንጀል የሚከሰው የመንግሥት ጠበቃ ብቻ ነው። ከግዛቶቹ በአንዳንዶቹ ግን ተበዳዩ ራሱ ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ምሎ፣ ክስ ማስከፈት ይችላል። ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ ቀጠለና፣ እዚያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡን መንግሥት ይረከበዋል፣ ከፈለገ ይገፋበታል፣ ካልፈለገ ይዘጋዋል አለ። ቀሪውን በሚቀጥለው ሳምንት አቀርባለሁ ብሎ ተሰናበተ። እኔም ጨለማው ውስጥ ቀረሁ። ያን ያህል ባሕር ተሻግሮ የመጣው መልስ እኛው ቀበሌ ያለው ሆነብኝ።

በማግስቱ ጋሽ ቶና ዘንድ ሄድኩ። እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከተው እየሠሩ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ማን ነገረህ እንዳይሉኝ አስምዬ፣ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ታዲያ አሜሪካም እንደኛው ነው?»

«በአብዛኛው አዎ።»

«እኔ ደግሞ ሀብታም አገር ነው ሲሉ ነበር የምሰማው» አሉ አዝነው።

መወርወሪያቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ካመላለሱ በኋላ ቆም አደረጉት። «ልጅ ሆኜ አባቴ የበዳዩን ኩታ ጫፍ ከራሱ ኩታ ጋር ቋጥሮ ዳኛ ዘንድ ይዞት ሲሄድ አይቻለሁ። ፖሊስ የለ፣ ዐቃቤ ሕግ የለ። ቋጠሮው ብቻ።»

እናንተ ይህን አታውቁት ይሆናል። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱት። ሰንሰለት አይደለም፣ አንድ ሕፃን የሚፈታው ቋጠሮ ነው፤ ግን ማንም አይፈታውም። የፈታው ሰው በራሱ ላይ ፈረደ ማለት ነዋ። ይህንን እያወቅኩ ለጋሽ ቶና ምን አልኳቸው መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እሱ እኮ ፊውዳላዊ ነው» አልኳቸውና በሩ ገርበብ እንዳለ መሆኑን አየሁ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። መፈክሩ ተባለ፣ እጅ ተነሳ፣ ተጨበጨበ። ጌታሁን ሊሄድ አምስት ቀን ቀርቶታል። ጓድ ደምሴ ጋቢውን እንደደረበ ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ለበሩ ቅርብ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ቦታዬ ሁልጊዜም እሷ ናት። ሊቀመንበሩ «ሌላ አስተያየት ያለው ጓድ አለ?» ሲል ጋሽ ቶና ብድግ አሉ። አስተያየት ግን አልሰጡም። ቀስ ብለው ወደፊት ሄዱና የጓድ ደምሴን ጋቢ ጫፍ፣ ያችኑ ሰማያዊዋን ስንዝር፣ አንስተው ከራሳቸው ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ዕድሜውን በሙሉ የተበጠሰ ክር ሲቀጥል የኖረ ሰው ቋጠሮ ነው፤ ዓይን እስኪጨፈን አልቆየም።

«በሕግ አምላክ!» አሉ።

ጓድ ደምሴ ጠመንጃ አለው፣ ሥልጣን አለው፣ ሕግን በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። ግን ቆመ። ከፍርሃት አይደለም። እሱም የገጠር ልጅ ነው፤ ይህ ቃል ሲጠራ ሰው ባለበት እንደሚቆም ገና ሳይማር እግሩ ያውቀዋል። አእምሮው እስኪደርስ እግሩ ቀድሞ ታዘዘ።

«ይህ ጋቢ የልጄ ነው» አሉ ጋሽ ቶና። «ሚስቴ ፈተለችው፣ እኔ ሸመንኩት፤ ቀይ ክር አልቆብኝ ይህችን ስንዝር በሰማያዊ ጨረስኳት። ዐቃቤ ሕግ አልከስም አለ። እኔ ግን ከስሻለሁ። ይኼ አሜሪካም ብዙ ቦታ አልተፈቀደም አሉ። የአሜሪካን እነሱ ያውቃሉ፤ አባቴ ግን ያደርገው ነበር። ጎረቤቶቼ ጋቢውን ያውቁታል።»

አሜሪካ የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። ይባስ ብለው ጎረቤቶቼ ሲሉ ወደ እኔ አዩ። እኔ የጫማዬን ክር ለማሰር አጎነበስኩ። ጫማዬ ክር አልነበረውም። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም፣ ግን ቀና አላልኩም።

«ጓድ ደምሴ፣ ጋቢው የእርስዎ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

አሁን የሰውየውን ጭንቀት አስቡት። የእኔ ነው ካለ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቋጥሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሰው ሕዝብ መካከል ሽሮ ሜዳን አቋርጦ ፍርድ ሸንጎ ሊሄድ ነው። ቋጠሮውን ቢፈታ ደግሞ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው አዛውንት ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። ጓድ ደምሴ ትንሽ አሰበና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ፊት የተቀመጡት ወደ ጎን ሸሹ። እሱ ግን ከጋቢው ሥር ራሱን ቀስ ብሎ አወጣ።

«የእኔ አይደለም። ብርድ ሲሆንብኝ ጥበቃ ቤት ያገኘሁትን ነው የደረብኩት» አለና በሸሚዙ ወጥቶ ሄደ።

ጋቢው በቋጠሮው ተንጠልጥሎ ጋሽ ቶና ላይ ቀረ። ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ፤ ጋቢው ወደ ቤቱ ገባ። እንዲህ ያለ ፍርድ በየትኛው አገር ሕግ እንዳለ እኔ እንጃ።

ሰኞ ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ቢሮው ገብቼ ከመቀመጤ በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋው። በሕይወቴ ከፈራኋቸው ድምፆች ሁሉ የዚያን በር መዘጋት የሚያህል የለም።

«የአሜሪካን ነገር ለሽማግሌው ማን ነገራቸው?»

«አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሬዲዮ አለህ?»

«የለኝም።»

«እኔም የለኝም» አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። «ሰውየው ግን ቀሪውን ማክሰኞ አቀርባለሁ ነው ያለው፣ ሐሙስ?»

«ሐሙስ» አልኩ።

አፌ አመለጠኝ። በዚያች ቅጽበት ቤቴ ሲፈተሽ፣ ሬዲዮዋ ከብርድ ልብሴ ውስጥ ስትወጣ ታየኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ሊቀመንበሩም ገርጥቷል። ያልሰማ ሰው እንዲያ ብሎ አይጠይቅማ! ሁለታችንም ተያየን። ማንም ማንንም ሊከስ አይችልም፤ አንዱ ቢራመድ ሌላው ይጎተታል። ልብስ ለልብስ ሳንነካካ ተቋጥረን ቀረን። «ሂድ» አለኝ በቀስታ። ወጥመድ አጥምዶልኝ ይሁን ወይስ ከልቡ መስማት ፈልጎ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ጥርጣሬዬ አሁንም አለች፣ ደህና ናት።

ሐሙስ አዳመጥኩ። ዓርብ ጌታሁን ሄደ።

ቀበሌው ደጃፍ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ልጆቹ አንድ በአንድ ተጫኑ። ጌታሁን ጋቢውን ደርቧል። ጫፉ ላይ ያ ቋጠሮ እንዳለ ነው፤ ከቋጠሮው ደግሞ የጋሽ ቶና ኩታ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ለካ አባቱ አልፈታ ብለው የራሳቸውን ኩታ ቆርጠውት ኖሯል። ሸማኔ በገዛ እጁ የሸመነውን ልብስ ላዩ ላይ እያለ ቆርጦ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ከኋላችን ቆሞ ግራ እጁን አንስቷል።

«ጸሐፊ» አሉኝ ጋሽ ቶና ዓይናቸውን ከመኪናው ላይ ሳያነሱ። «ያ ሰውዬ ቀሪውን ተናገረ?»

ግራና ቀኜን አየሁ። «ተናገረ፣ ጋሼ።»

«ጋቢ ስለወሰደው ገብቶኛል። ልጅ የወሰደውን ማን ይከሰዋል አለ?»

የሊቀመንበሩ እጅ ቀስ እያለ ሲወርድ በጥላው አየሁት። እኔ ግን ዞር ብዬ አላየሁትም።

«እሱን አልተናገረም» አልኳቸው።

ጋሽ ቶና ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቆረጠውን የኩታቸውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘውት ነበር። መኪናው ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ጣታቸው ያንን ጫፍ ሲያፍተለትለው ቆየ፤ የሚቋጥሩበት ሌላ ጫፍ ግን አጠገባቸው አልነበረም።