የሚቃወሙ ካሉ

ሞርሞኖች ደመወዝተኛ ቄስ የላቸውም። «ፕሬዚዳንት» የሚባለው መሪያቸው ከመካከላቸው ይጠራል፤ አናጢም ሊሆን ይችላል፣ የባንክ ሠራተኛም። ሹመት ሁሉ በእሑድ ጉባኤ ይነበብና መጀመሪያ የሚደግፉ፣ ቀጥሎ የሚቃወሙ ቀኝ እጃቸውን እንዲያወጡ ይጠየቃል።

በአንድ የኪራይ ቪላ ሳሎን የሚሰበሰቡት አርባ ሰዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። የቀድሞው መሪያቸው፣ አናጢው ወንድም ዳምጤ፣ «የሚቃወሙ ካሉ» ብለው መሬት መሬቱን እያዩ ይቆዩ ነበር። እንቅልፍ ወሰዳቸው እስኪባል። አንዴ እጅ ወጣ፤ እጁን ያወጣው ሰው ቤት ሄደው ቅሬታውን ሲሰሙ ዋሉ፤ ሹመቱም ቀረ።

ተተኪያቸው ወንድም ግዛቸው ሥርዓት ይወዳሉ። ሹክሹክታ እንኳ በሚሰማበት ሳሎን ማይክሮፎን አስገቡ። «የሚቃወሙ ካሉ» ሲሉ ሰዉን አንድ በአንድ ያዩታል። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ስምምነት ሰፍኗል። ማሳል እንኳ ቀንሷል።

የዚያን እሑድ ለአማካሪነት የቀረበው ወንድም ሽመክት ነበር። ሽመክት ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ይጠይቃል፤ ደግ ነው። በጠየቀው ቤት የተወራው ግን በሳምንቱ፣ ስም ሳይጠራ፣ ከመድረክ ይሰበካል። ከአርባዎቹ አንዷ የሆኑት የወይዘሮ ጥሩሰው ገበናም ተሰብኳል።

ሆኖም ወይዘሮ ጥሩሰው ከጉባኤው በኋላ ቀጠሮ አላቸው። በእምነታቸው መሠረት፣ ከሟች ባለቤታቸው ጋር ለዘላለም ለመተሳሰር ቤተ መቅደስ መግባት አለባቸው፤ የመግቢያውን ፈቃድ የሚፈርሙት ደግሞ ወንድም ግዛቸው ናቸው። ወይዘሮዋ ስድስት ዓመት ጠብቀዋል።

«የምትደግፉ!»

እጅ ሁሉ ወጣ። የወይዘሮ ጥሩሰው እጅ ግን ከጭናቸው አልነሣ አለ። አጠገባቸው የተቀመጡት እህት ዘርትሁን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

«አንሺ እንጂ እቴ! ለመታመም ዛሬን መረጥሽ?»

ወይዘሮ ጥሩሰው ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አነሡ። ሲገልጡ የሌላው ሁሉ እጅ ወርዷል። «የሚቃወሙ ካሉ» ተብሎ ነበር።

ሰው ሁሉ ዞረ። ማይክሮፎኑ ብቻ ያፏጫል።

ወንድም ግዛቸው ፈገግ አሉ። «እህት ጥሩሰው፣ ዘገዩ መሰለኝ?»

«አዎ በይ» አሉ ዘርትሁን፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «በማርያም... አዎ በይ!»

የወይዘሮ ጥሩሰው ዓይን ወደ ወንድም ግዛቸው ቢሮ ዞረ። በተከፈተው የቢሮ በር በኩል ያልተፈረመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይታያቸዋል።

«አዎ፣ ፕሬዚዳንት» አሉ። «በጣም ዘግይቻለሁ።»

እጃቸውን ግን አላወረዱም።