በሽንኩርት ጆንያ የተሠራው የጣሊያን ዳሽቦርድ

አገራችን ውስጥ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ዜግነቱ ይጠየቃል። ጥንካሬው፣ ውበቱና አገልግሎቱ ኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ «የየት አገር ነው?» ይባላል። «የጣሊያን» ካሉ ገዢው ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። «የዚሁ የናዝሬት ነው» ካሉት ግን ፊቱ ይለወጣል፤ ያገላብጠዋል፣ በጉልበቱ ላይ ይጫነዋል፣ ከዚያም እንደ ሐኪም አዝኖ «ብዙ አይቆይም» ይላል።

ይህን የምናገረው ደርሶብኝ ነው። ተምሬም ነው፤ በምህንድስና፣ ያውም በማዕረግ። ማዕረጌን ደጋግሜ የማነሣው ጉራ ስለምወድ አይደለም። ሌላ የሚያነሣልኝ ሰው ስላልተገኘ ነው። በመንግሥት ፋብሪካ ስሠራ ወራት ሙሉ አጎንብሼ ያወጣሁትን የማሽን ንድፍ፣ አለቃዬ ከግርጌው የራሱን ስም ጽፎ አቀረበው። ተሸለመበት፤ ለተጨማሪ ትምህርትም ምሥራቅ ጀርመን ተላከበት። እኔ «ንድፉ የኔ ነው» ብዬ ማመልከቻ ባስገባ፣ «ግለኝነት የሚያጠቃው» ተብዬ ተገመገምኩና ከሥራ ወጣሁ። ይሁን። እሱን ሰውዬ ካነሣሁ መሽቶ ይነጋል፤ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ወደ ናዝሬት ተመልሼ የአሮጌ መኪኖችን የውስጥ ዕቃ ቤቴ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። በደርግ ዘመን አዲስ የቤት መኪና ማየት ብርቅ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የገቡት ናቸው እያነከሱ የሚያገለግሉት። ሞተራቸውን መካኒኩ በሽቦም በስድብም ያስነሣዋል። ውስጣቸውን ግን ማን ያያል? የናዝሬት ፀሐይ ደግሞ ለመኪና አታዝንም። ወንበሩን ትልጠዋለች፣ የበሩን እጀታ ታጎብጠዋለች፣ ዳሽቦርዱን እንደ ደረቅ መሬት ትሰነጥቀዋለች። እኔ ጤነኛ ዳሽቦርድ እዋስና ፊቱንም ጀርባውንም በጄሶ አትማለሁ። በቅርጹ ውስጥ የጆንያ ቁራጭ፣ የተነፋ ሰጋቱራና ሙጫ ንብርብር አድርጌ አደርቃለሁ፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቀለም እቀባለሁ። የሙጫውን አቀማመም አልነግራችሁም። አንድ ጊዜ የተሰረቀ ሰው ሁለተኛ አይሞኝም።

ባለቤቴ ዘነበች በሙያዬ ብዙም አልተደሰተችም። «የሰው ባል መኪና ይዞ ይገባል፤ የኔ ባል መኪና ገነጣጥሎ ይገባል» ትላለች። ሰጋቱራውን የምነፋው በእሷ ወንፊት ስለሆነ አልፈርድባትም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ይማም መጡ። ጋሽ ይማም ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከተሙ ሰው ናቸው። ወደ መቂ ሰው ጭነው ሄደው፣ ሲመለሱ ሰውና ሽንኩርት የሚጭኑባት አንዲት ሚሌ ቼንቶ የምትባል አሮጌ የጣሊያን ፊያት አለቻቸው። ዳሽቦርዷ ከመሰንጠቁ የተነሣ ዓለም ጤና አጠገብ ጉድጓድ በነካች ቁጥር የፍጥነት መቁጠሪያው ተፈናጥሮ የፊተኛው ተሳፋሪ ጭን ላይ ያርፋል። ሰውዬው እንደ ሕፃን አቅፎት ይጓዛል። ጋሽ ይማምም ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ «ወንድም ዓለም፣ ስንት ላይ ደረስን?» ይሉታል።

ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ጆንያውን ያመጡልኝ ራሳቸው ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራሁም፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ በቀላሉ አልረካም። ጄሶው ሁሉን ነገር ስለያዘ፣ ከተዋስኩት ዳሽቦርድ ጀርባ የነበረው «በጣሊያን የተሠራ» የሚለው የጣሊያንኛ ጽሑፍ ከነቁጥሩ ፍንትው ብሎ ወጣ። ዘነበች አየችና፣ «ይሄን ብትፍቀው ምናለ? ማን ያየዋል ብለህ ነው?» አለችኝ። እኔ የማዕረግ ምሩቅ፣ ደረቴን ነፍቼ «ማንም የማያየውን አሳምሮ የሚሠራ ብቻ ነው ባለሙያ» ብዬ መለስኩላት። ጥሩ አባባል ነበር። ሊያሳስረኝ ምንም አልቀረውም።

ጋሽ ይማም ሲገጠምላቸው እንባ ቀረሽ ሆኑ። «ወላሂ፣ ይሄስ የሐበሻ እጅ አይደለም!» አሉ። እኔ ሞኙ እንደ ምስጋና ተቀበልኩት። እሳቸው መናኸሪያ ሄደው ከጣሊያን በሰው አስመጣሁ ብለው አወሩ። ኋላ ለምን ብላቸው፣ «ልጄ፣ ጎረቤቴ ሠራልኝ ብል ማን ደፍሮ ይሳፈርልኛል?» አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ቀበሌ ተጠራሁ። ዳሽቦርዱ ተነቅሎ በጀርባው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ጋሽ ይማም ጥግ ተቀምጠው ጣሪያውን ይቆጥራሉ። ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ በእርሳሱ ጽሑፉን እየነካ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። «በጣሊያን የተሠራ ይላል» አልኩ። ማን ሠራው አለ። «እኔ» አልኩ። «የት?» ሲለኝ «እዚሁ ቤቴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» አልኩት።

«ታዲያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጣሊያን አለ?» አለና ኮሚቴውን አሳቀ።

ሳቁ ግን አላስደሰተኝም። በኮንትሮባንድ የተጠረጠረ ሰው መጀመሪያ ዕቃው ይወሰዳል፣ ቀጥሎ ራሱ ይወሰዳል፤ ሁለቱም መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። ቅርጹን ልክ ለካሁ፣ ጄሶ በጠበጥኩ፣ ጆንያ ነከርኩ ብዬ አስረዳሁ። ጓድ ታደሰ በትዕግሥት ሰምቶኝ፣ «ጓድ መሐንዲስ፣ እኛን ገበሬ አታድርገን። ይሄን የመሰለ ዕቃ በጆንያ አይሠራም» አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ዕጣዬን ተመልከቱልኝ። ያኔ የሠራሁት የኔ አይደለም ተብዬ ተባረርኩ። አሁን ደግሞ የሠራሁት የኔ አይደለም ተብዬ ልታሰር ነው። ሥራዬ ትንሽ ቢበላሽ፣ አንድ ጎኑ ቢንጋደድ፣ ወዲያው ያምኑኝ ነበር። ጥፋቴ ማማሩ ነው።

ደሜ ፈላ። «መጋዝ አምጡልኝ!» አልኩ።

ጋሽ ይማም ከተቀመጡበት ዘለው «ኧረ በአላህ! የኔን መኪና ነው እኮ የምታርደው!» ብለው ክንዴን ያዙ። እኔም መሐሉን ስመለከት ያመጡልኝን መጋዝ መልሼ አወረድኩ። ያንን ኩርባ ለማስተካከል አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ግን ሌላ ምን ማስረጃ አለኝ? ንድፌን ሲወስዱብኝ ወረቀት አቅርቤ ነበር፤ ወረቀት አልረዳኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ገዘገዝኩት።

ለሁለት ሲከፈል የጆንያው ክር እንደ ጢም ብቅ አለ፤ ሰጋቱራውም ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ጓድ ታደሰ አጎነበሰ፣ ቀረበ፣ አፍንጫውን አስጠጋ። መጋዙ ያሞቀው ጆንያ የጥንቱን ጠረን ለቆት ኖሯል። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ እንደ ፍርድ ቤት ዳኛ «ሽንኩርት!» አለ።

ሁሉም በየተራ አሸተቱ። አንዱማ እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ጊዜ አሸተተ። ከዚያም ዕቃው የጣሊያን ሳይሆን የመቂ ሽንኩርት ጆንያ መሆኑ፣ የሠራውም እኔ መሆኔ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት አንድን ሥራ የኔ ነው ብሎ ፈረመልኝ፤ ሥራው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ጠረጴዛ ላይ እንደተጋደመ። ጋሽ ይማም ግማሽ ግማሹን በሁለት ብብታቸው ይዘው ወጡ። ሌላ እንደምሠራላቸው ምዬ ነው የለቀቁኝ።

በአሥራ አምስት ቀኑ በሬ ተንኳኳ። ጓድ ታደሰ ነበር፣ ያለ ኮሚቴው። ሲለሳለስ ኦሮምኛ ይቀላቅላል፤ «አከም ጅርታ፣ ጓዴ» ብሎ ገባና ሻይ ተቀበለ። የወንድሙ ሚሌ ቼንቶ ዳሽቦርድ መሰንጠቁን ነገረኝ። እሠራለሁ አልኩት። ወንበሩን ወደኔ ስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የጆንያውን አይደለም እኮ የምልህ» አለ። «እኛ የጣሊያኖቹን እንዳናገኝብህ የጆንያውን ገዝግዘህ አሳየኸን፤ ብልህ ሰው ነህ፣ አልፈርድብህም። አሁን ግን እኔና አንተ ብቻ ነን። ከኦርጅናሎቹ አንዱን አውጣልኝ።»

ልምል አሰብኩ። ቃለ ጉባኤውን ላስታውሰው አሰብኩ። ከዚያ ያን ምሥራቅ ጀርመን የተላከውን አለቃዬን አሰብኩና ተረጋጋሁ። ዕቃው ሩቅ ቦታ ስለተደበቀ ሦስት ሳምንት ታገሠኝ አልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ተረከበኝ። ገለበጠው፣ የጣሊያንኛውን ጽሑፍ በጣቱ ዳበሰው፣ አፍንጫውን ለረጅም ጊዜ አስጠግቶ ማገው። ከዚያም በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አየህ፣ ፈረንጅ የሠራው እንዲህ ነው» አለኝ። «ያንተም ጥሩ ነበር፤ ግን ምን አገናኘው!»

እውነቱን ነው፤ ልዩነት አለው። የዚህኛውን ጆንያ ዘነበች በሳሙና አጥባዋለች።