የማይመሽበት አገር የእግዜር እንግዳ

አንዴ ባሕር ማዶ ደርሶ የመጣ ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን የለም። ከተማው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሰውየው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሁለት ቢሆኑ እርስ በርስ እያወሩ ይገላግሉን ነበር። አንድ ሲሆን ግን ጆሮ የምናውሰው እኛ ነን። ዝናብ ሲዘገይ የዚያን አገር ዝናብ ያዘንብልናል፤ መብራት ሲጠፋ የዚያን አገር መብራት ያበራልናል። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጠን "እዚያ እኮ ሰው ሲሞት..." ብሎ ይጀምራል። ሟች ይቅር ይበለው።

ለመካነ ሰላም የደረሷት ክቡር አምባሳደር እንዳልካቸው ናቸው። አምባሳደርነቱን የሾማቸው መንግሥት ሳይሆን ሰፈሩ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በወሎ ቦረና ወረዳ እጃቸው ያልገባባት ላም የለችም ይባላል። ታናሽ ወንድማቸው የሚኖረው ስቶክሆልም ነው። አንድ ክረምት ጋበዛቸው። እሱ ሥራ ስለሚውል ቤት ተዘግቶባቸው እንዳይሰለቹ የመኪናውን ቁልፍ ሰጥቶ "ዞር ዞር በል፣ ጋሼ" አላቸው። ጋሼ ዞር ዞር ማለት ሲጀምሩ ስዊድንን ከታች እስከ ላይ ወጡ፤ ኖርዌይን ከላይ እስከ ታች ወረዱ፤ በባሕር ላይ በተዘረጋ ድልድይ ዴንማርክን ረግጠው ተመለሱ። ይህን ሁሉ ብቻቸውን። "ብቻዬን" የምትለዋ ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው ወርዳ አታውቅም።

የዚህን ሁሉ መከራ ተሸካሚ ጎረቤታቸው ጀብሪል ነው። የጨርቃ ጨርቅ ሱቁ ከአምባሳደሩ በር ፊት ለፊት ስለሆነ የሚሸሽበት የለውም። ጀብሪል ከደሴ አልፎ ሄዶ አያውቅም፤ ግን የኖርዌይን መንገድ ቢጠይቁት ዓይኑን ጨፍኖ ይመራል። ወዴት እንደሚታጠፍ፣ መኪና በጀልባ የሚሻገረው የት እንደሆነ፣ የትኛው ዋሻ በባሕር ሥር እንደሚያልፍ አሳምሮ ያውቃል። አንዱ ደንበኛ አቡጀዲ ሲያስለካ አምባሳደሩ ብቅ ካሉ ጨርቁ ተለክቶ ሳያልቅ ስዊድን ተጋምሳለች።

"መጀመሪያ የገጠመኝን መኪና ሁሉ በክላክስ ሰላም አልኩ" ይላሉ አምባሳደሩ። "በሰው አገር ሰላምታ እንዴት ይነፈጋል? እነሱ ግን እየቆሙ ጎማቸውን ያያሉ!"

ከዚያ የእንጆሪው ይቀጥላል። መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ እንጆሪ ተደርድሮ ሻጭ የለም። ገዢ የሚበቃውን አንሥቶ ሒሳቡን ሳጥን ውስጥ ጥሎ እንዲሄድ ነው። አምባሳደራችን ግን ይህን ከየት ይወቁት? ባለቤቱ ለጉዳይ ዞር ብሎ ነው ብለው፣ እንደ ጎረቤት ወግ፣ ዕቃውን ይጠብቁለት ጀመር። መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ደንበኛ እያስተናገዱ፣ ልጅ ለያዘ እየመረቁ፣ እንጆሪውን ሸጠው ጨረሱለት። ባለቤቱ ሲመጣ ምን አለ ቢሏቸው "ምን ይላል? ፎቶ አነሣኝ" ነው መልሳቸው።

የሯጩ ደግሞ አለ። ጫካ ለጫካ ሲነዱ አንድ ሰው በቁምጣ፣ ላብ አጥምቆት ብቻውን ይሮጣል። በእኛ አገር ሰው እንዲያ የሚሮጠው ወይ ሰው ሞቶበት፣ ወይ ምጥ ይዞበት፣ ወይ ቤት ተቃጥሎበት ነው። አምባሳደሩ አጠገቡ ደርሰው በሩን ከፈቱና "ማን ሞተ? ግባ ላድርስህ!" አሉት በቢሮ እንግሊዝኛቸው። ሰውየው ፍጥነት ጨመረ። እሳቸውም ጨመሩ። በመጨረሻ ሰውየው መንገዱን ትቶ ጫካ ገባ። "እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል" ይላሉ፤ "ለቀብሩ የደረሰ አይመስለኝም።"

የሁሉም መደምደሚያ ፀሐይዋ ናት። ወደ ሰሜን ጫፍ ሲደርሱ በእኛ ክረምት፣ በእነሱ በጋ፣ ፀሐይ አትጠልቅም። እዚህ ላይ ጀብሪል ስንት ጊዜ ሰምቶትም "ፀሐይ ካልጠለቀች መግሪብ ታዲያ መቼ ይሰግዳሉ?" ማለቱን አይተውም። አምባሳደሩ ጥያቄውን አልፈው፣ አንዲት አሮጊት ቤት የእግዜር እንግዳ ብለው ማንኳኳታቸውን፣ አሮጊቷም ዓሣ ማብላቷን ያወሩና ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ሁልጊዜም እዚያው ላይ።

ጀብሪል ይህን ሁሉ ችሎ ይኖር ነበር፣ የሁዜይፋ ጉዳይ ባይመጣ። ሁዜይፋ አባቱ ከሞተ ወዲህ ጀብሪል ያሳደገው የወንድሙ ልጅ ነው፤ በመካነ ሰላምና በደሴ መሐል ሚኒባስ ይነዳል። መንገድ ላይ ስትሳፈር ያያትን የአቀስታዋን ሁዳን ካላገባሁ ብሎ እህል ውኃ አልቀምስ አለ። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ አባቷ ጋሽ ረመዳን አልሰጥም ብለው መልሰዋል። አሁን አንዴ ቢመጡ እንደሚሰሙ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሽማግሌ በራቸውን እንዳይረግጥ ብለው ልከዋል። እንግዲህ ያለቻቸው ዕድል ይህቺው ናት።

የሰፈሩ ሼህና ቄስ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ እሺ አሉ። ጀብሪልም አለ። ቀሪው እንዳልካቸው ናቸው፤ ጋሽ ረመዳን የሚያከብሯቸው፣ በሬዎቻቸውን ያከሙላቸው፣ መኪናም ያላቸው ሰው። ያለ እሳቸው አይሆንም። ከምላሳቸው ጋር ደግሞ እንዴት ይሆናል? ጀብሪል በዋዜማው ደጃቸው ሄደ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ይማሉልኝ። ኖርዌይን እንዳያነሡ።"

"በጊዮርጊስ።"

"ስዊድንንም።"

"ስዊድንንም።"

"ዴንማርክንስ?"

አምባሳደሩ ትንሽ አመነቱ። "እሺ፤ ዴንማርክንም።"

ባለቤታቸው ይታይሽ ከውስጥ ሆና "ጀብሪል፣ አብሽር፤ ካወራ እኔው አላስገባውም" አለች።

በማግስቱ ወደ አቀስታ ሲወጡ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። አምባሳደሩ ጉሙን ባዩ ቁጥር ከንፈራቸው ይላወሳል። ጀብሪል በጎን ሲያያቸው ያስላሉ። ቄሱ አዝነው "ምነው፣ ጉንፋን ነው?" አሏቸው። "የከፋ ነው፣ አባቴ" አሉ አምባሳደሩ።

ጋሽ ረመዳን በአክብሮት አስገቧቸው። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ወጉ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሼሁ ዱዓ አድርገው ጉዳዩን አቀረቡ።

"ልጁን ጠልቼው አይደለም" አሉ ጋሽ ረመዳን መደባቸው ላይ ሆነው። "ጨዋ ልጅ ነው። ግን ሾፌር ነው፤ ደሴ ያድራል። የኔ ልጅ መካነ ሰላም ላይ፣ በማታውቀው አገር፣ ግድግዳ ስታይ ልትውል፣ ስታይ ልታድር ነው? እዚያ እኅት የላት፣ አክስት የላት። ሁዳ እኮ ሰው ካላዋራች የምትታመም ናት።"

"ትለምደዋለች፣ ኢንሻአላህ" አሉ ሼሁ።

"ሁሉም ይለመዳል" አሉ ቄሱ።

ጋሽ ረመዳን ራሳቸውን ነቀነቁና ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሡ ቃጡ። ጀብሪል ሁሉም ነገር እንዳበቃ ገባው፤ ለሁዜይፋ ምን ብሎ እንደሚነግረው ማሰብ ጀመረ። ይህን ጊዜ ከጎኑ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማ።

"ጀብሪል፣ ይቅር በለኝ። መሐላዬን ላፈርስ ነው።"

"ያረቢ!" አለ ጀብሪል በልቡ።

"ጋሽ ረመዳን፣ ብቸኝነትን እኔ አውቀዋለሁ" አሉ አምባሳደሩ። "ሰው አገር ብቻዬን መኪና ይዤ ዞሬያለሁ። ደጋግሜ ስለማወራው እነዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ያልነገርኳቸው ግን አለ። አገሩ ውብ ነው፤ ሰዉም ክፉ አይደለም። ሆኖም ቀኑ ሲሄድ፣ ቀኑ ሲመጣ፣ እንዴት አደርክ የሚለኝ አጣሁ። ከመኪናው ጋር ማውራት ጀመርኩ። በኋላ ባሕሩ ጥግ አንድ ቤት አየሁና አንኳኳሁ። ማደሪያ አጥቼ አልነበረም፤ ሆቴሉ እዚያው ነበር። ሰው አጥቼ ነው። አንዲት አሮጊት ከፈተች። የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል አልኳት። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። አፈርኩ፤ ልመለስ ዞርኩ። ሴትዮዋ ግን ፀሐይዋን ትታ ፊቴን አየች። አየችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።"

ጀብሪል ሳያስበው ክንዳቸውን ያዘ።

"ዓሣ አበላችኝ። የሞተ ባሏ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ስነቃ እንዴት አደርክ አለችኝ፤ ወላሂ አለቀስኩ።" በጊዮርጊስ የማሉት ሰው በአላህም ማሉ፤ ቤት ውስጥ ግን ይህን ልብ ያለው የለም። "የሁዜይፋ ቤትና የኔ ቤት አጥር ይጋራሉ። እኔ በሕይወት እያለሁ ሁዳ እንዴት አደርሽ ሳትባል ፀሐይ አይሞቃትም። ልጁ ደሴ ባደረ ቁጥር ይታይሽ አብራት ታድራለች። ወሬ እንደሆነ..." አሉና የድሮው ፈገግታቸው ብቅ አለ፤ "ወሬ አታጣም።"

ጋሽ ረመዳን የሰበሰቡትን ጋቢ መልሰው ለቀቁት።

"ሴትዮዋ አለች?"

"አለች። በዓል በመጣ ቁጥር እደውልላታለሁ፤ በሷም በኛም በዓል።"

ጋሽ ረመዳን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "እስካሁን የመጣው ሁሉ የልጁን ቤት ነበር የሚነግረኝ። ጎረቤቱን የነገረኝ አልነበረም። እንግዲህ ተቀመጡ።"

አራቱም ባንዴ ተቀመጡ። ከጓዳ አንዲት እልልታ አመለጠችና ወዲያው ታፈነች።

ሲመለሱ ጀብሪል ለሁዜይፋ ደወለ፤ ልጁ በስልኩ ውስጥ ሲጮህ ቄሱ ከኋላ ሆነው ሰሙት። አምባሳደሩ መሪያቸውን ይዘው ዝም ብለው ይነዳሉ። ጀብሪል ዝምታው ከበደው። ያን ሁሉ ዓመት ከሱቁ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ፣ ሰውየው የሚኩራሩ መስሎት ጨርቅ ሲያጣጥፍ ኖሯል። ዛሬ ግን ወሬያቸው ናፈቀው።

ከአቀስታ ወጣ እንዳሉ ጉሙ ተገፍፎ ነበር። መንገዱ ዳር አንድ ጎልማሳ በቁምጣ፣ ላብ አጥምቆት ይሮጣል። የአምባሳደሩ እግር ሳይታዘዝ ፍሬን ረገጠ። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ግን ጀብሪል መስኮቱን አውርዶ አንገቱን አወጣ።

"ምነው ወንድሜ! ማን ሞተ? ግባ እናድርስህ!"

ሰውየው ደንግጦ ቆመ። "ኧረ ማንም አልሞተ! ልምምድ ላይ ነኝ።"

"ቢሆንም ግባ" አለ ጀብሪል፣ ሼሁንና ቄሱን ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ። "ወሬ አለን።"