የንጹሕ ውሃ ቀለም በመተማ

አገኘሽ በማለዳ ተነሳች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ለቀቀች። ገመዱ ባሏ ባፈና በጉድጓዱ አፍ ባጋደመው ግንድ ላይ ተንሸራተተ። ባፈናን ጉድጓዱን ቆፍሮ በጨረሰበት ክረምት ንዳድ ወሰደው። ስለዚህ ነገር አገኘሽ ብዙ አታወራም።

የምታወራው ስለ ዕውቀቷ ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሆስፒታል ጠርሙስ ስታጥብ ኖራለች። ጠርሙስ ያጠበ ሰው በውስጡ የነበረውን መድኃኒት ሁሉ እንደሚያውቅ በመተማ የታመነ ነው፤ ከሁሉ አብልጣ የምታምነው ግን ራሷ ነበረች።

ጣሊያን አገሩን በያዘ በዓመቱ የተነንቴ ማዕረግ ያለው አንድ የጣሊያን መኮንን ትእዛዝ ይዞ ግቢዋ ገባ። ከላይ ካለው ከጎረቤቷ ከነጋዴው ከሷሊህ ቆዳ ማልፊያ በቦይ የሚወርደው ፍሳሽ ካልጠራ፣ ለሕዝብ ጤና ሲባል ከሥሩ ያለው የአገኘሽ ጉድጓድ ይደፈናል። ቆዳው ለወታደር ጫማ ስለሚያስፈልግ ማልፊያውን መዝጋት አልታሰበም። መንግሥት አርቆ አሳቢ ነው።

«ማጥራት የሚያውቅ ሰው አለ?» አለ ተነንቴው፣ ሊቢያ በለመደው ዐረብኛ።

«አለሁ» አለች አገኘሽ።

ፐርማንጋናቶ የተባለ የውሃ ማጥሪያ ቅንጣት የሞላበት ቆርቆሮ ሰጣት። «ይህ የበሰበሰውን ሁሉ ያቃጥላል። ቆሻሻ እስካለ ቀለሙ ይጠፋል፤ ቆሻሻው ሲያልቅ ውሃው ቀይ ሆኖ ይቀራል። ነገ ስመለስ ቀይ ላግኘው።»

«ይህንማ ከገዳሪፍ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች። ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

መጀመሪያ ውሃ የሚያጠልለውን ሸብ ቦዩ ላይ ነሰነሰች፤ ዝቃጩ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ፐርማንጋናቶውን በተነች። ቦዩ ቀላ፤ ወዲያው ቡናማ ሆነ። ጨመረች። ቀላ፤ ቡናማ ሆነ።

«እቴ አገኘሽ፣ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ እኮ» አለ ሷሊህ።

«የኪሚያ ጥበብ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ አያ ሷሊህ።»

«ቆሻሻው ካንቺ የባሰ ታጋሽ ነው።»

ቆርቆሮውን ገልብጣ መታ መታ አደረገችው። ምንም አልወጣም። «ነገ መጥቶ ጉድጓዴን ይደፍነዋል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሷሊህ ሄዶ ከሱቁ አንድ ጆንያ የደረቀ የከርከዴ አበባ ተሸክሞ መጣ።

«ይሄ የሚጠጣ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» አለች።

«ቀይ አይደለም?»

«ቀይ ነው።»

«እና የተፈለገው ምንድን ነው?»

የገዳሪፍ ምሩቅ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ ከርከዴውን በትልቅ ድስት ቀቅላ ቦዩ ውስጥ ገለበጠችው።

በማግስቱ ተነንቴው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከቦዩ በብርጭቆ ቀዳና ወደ ፀሐይ አነሳው። ቀይ ነው።

«ይህ ቦይ ከዛሬ ጀምሮ የምዕራብ ቆላ የንጽሕና ምሳሌ ሆኗል» ሲል ተናገረ። «ወይዘሮ አገኘሽም የውሃ ንጽሕና የበላይ ተመልካች ሆነው ተሹመዋል።» እጅ ነሳች። እሷም ልታምነው ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ተነንቴው ብርጭቆውን አለቅልቆ ከጉድጓዱ ቀዳ። «እንግዲህ ከምሳሌው ጋር እናስተያየው። ቀለሙ የታለ?»

«ቀለም የለውም፤ ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ውሃማ ቀይ ነው። አሁን አሳየሽኝ።»

«አንዲት የፐርማንጋናቶ ቅንጣት ጣል ይደረግበትና ይታይ፤ ቀለሙ አይጠፋም።»

«ጣይበታ።»

አገኘሽ ባዶውን ቆርቆሮ አየች። ሷሊህን አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል። ከርከዴ ነው ብላ ብትናገር ቦዩ ቆሻሻ ነው፤ ጉድጓዱ ይደፈናል። ዝም ብትል ጉድጓዱ ቆሻሻ ነው፤ ይደፈናል። ገዳሪፍ ካጠበቻቸው ጠርሙሶች ለዚህ የሚሆን መልስ የነበረበት አልነበረም።

ባዶውን ቆርቆሮ ከደነችው።

የመጀመሪያውን አካፋ አፈር የመጣል ክብር ለበላይ ተመልካቿ ተሰጠ። ጣለች። የቀረውን የማልፊያው ሠራተኞች ሞሉት።

አሁንም አገኘሽ በማለዳ ትነሳለች፤ ነጠላዋን ታጣፋለች። ባልዲው አለ፤ ገመዱም አለ። ባፈና የቆፈረው ጉድጓድ የለም።