ቡችላ በገመድ፣ ቅዳሜ፣ በግ ተራ

ዛሬ የራሴን ቡችላ መልሼ ስገዛ አንድ በግ ከሰርኩ።

አዎ፣ የራሴን! ደግማችሁ አታንብቡት፣ በትክክል ነው የጻፍኩት።

ወገን፣ እኔን ታውቁኛላችሁ። መካነ ሰላም ገበያ ላይ በግ ስነግድ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከወግዲ ጎትቼ፣ ከከላላ ነድቼ ያላመጣሁት የበግ ዓይነት የለም።

ታዲያ ልጄ ቤዛ ቡችላ ማሳደግ ጀመረች። ስሙ ሻምበል። በገመድ ይዛው ስትወጣ እሱ ነው እሷን የሚወስዳት። ባለፈው ሳምንት ጭቃ ላይ በደረቷ አስተኛት።

ባለቤቴ አስካለ ፈረደች። "እስከ ቅዳሜ አደብ ገዝቶ መሄድ ካልቻለ ወንድሜ ጋ ገጠር ይሄዳል!"

ቤዛ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

አለቀ። "እኔ አለሁልሽ" አልኳት። በግ የገራ ሰው ቡችላ ያቅተዋል?

ስለ ውሻ አገራር ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው ለምለም ሳር ላይ ይሄዳል፣ ውሻው ጎን ለጎን ይንሳፈፋል፣ ገመዱ ላላ ብሎ ፈገግ ያለ ይመስላል። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሳልም ሰነበትኩ።

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ከተማውን ውጦት ነበር። ሻምበልን አስሬ ወጣሁ። ቤት የለ፣ መንገድ የለ፣ እኔና እሱ ብቻ ደመና ውስጥ። እንዴት እንደሚያምር!

ከዚያ ጎተተኝ።

እኔም ጎተትኩት። እሱም ጎተተኝ። ጉሙ ገለጥ ሲል የት ነበርን? በግ ተራ መሐል!

በገበያ ቀን በግ ተራ ውስጥ በገመድ የተያዘ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቁ የለ? የሚሸጥ ነው።

የከላላው ገበሬ አያ ደምሌ ሁለት በግ ይዘው ቆመዋል። ሻምበልን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። ጥርሱን ሳይቀር ገልጠው አዩ።

"ስንት ትለዋለህ?"

"አይሸጥም" ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን ሃያ ዓመት የለመደችውን አደረገች። ደንግጠው እንዲሄዱልኝ ሰማይ የሚነካ ዋጋ ጠራሁ።

"ሁለት በግ!"

"ይሁን። ጅብ በረቴ እየመጣ አላስተኛ ብሎኛል" አሉና መዳፌን በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

ተሸጠ!

"እሰይ! ሰውየው ውሻ መነገድ ጀመረ!" አለ አንዱ ደላላ። ሳቁ ጉሙ ውስጥ ከሰው ሰው ሲተላለፍ ይሰማኛል።

የጠራሁትን ዋጋ ካጠፍኩ ነገ ማን ያምነኛል? ካላጠፍኩ ደግሞ ቤዛን በየትኛው ዓይኔ ላያት?

እኔ ይህን ሳሰላስል አያ ደምሌ የበጎቻቸውን ገመድ አስጨብጠውኝ፣ ሻምበልን ይዘው ሄዱ።

ሲጎትታቸው ቆሙ። ዝም ብለው፣ እንደ ዛፍ። ገመዱ ሲላላ ተራመዱ። እንደገና ሲጎትት፣ እንደገና ቆሙ። ገበያውን አንዴ ዞረው ጉሙ አፍ ላይ ሲደርሱ ሻምበል በጎናቸው ይንሳፈፍ ነበር። ልክ እንደ ቪዲዮው!

የኔን ሕልም ሌላ ሰው ሲያልመው ቆሜ አየሁ።

ሮጥኩ። "አያ፣ አፈር ስሆን፣ የልጄ ነው! በጎችዎን ይውሰዱና ይመልሱልኝ!"

"ሦስት በግ።"

"አሁን በሁለት ገዝተውት?!"

"ያኔ አልተገራም ነበር፣ ልጄ። አሁን ተገርቷል።"

የሳቸውን ሁለት መልሼ፣ ተራው ውስጥ ከታሰሩት የራሴ በጎች አንድ ጨምሬ አስረከብኩ።

ስንመለስ ሲጎትተኝ ቆምኩ፣ ሲላላልኝ ሄድኩ። ቤት ልንደርስ ስንል ገመድ መያዜንም ረስቼው ነበር።

ቤዛ ደጃፍ ላይ ተቀበለችኝ። ከሻምበል ጋር እስከ አጥሩ ሄዳ ተመለሰች። ቀሚሷ ላይ ጠብታ ጭቃ የለም።

"አንተ ነህ የገራኸው?" አለች አስካለ።

"ታዲያ ማን ሊሆን?"

እሷ ፌስቡክ የላትም። እባካችሁ፣ ኮሜንት ላይ እንጂ ሰፈር ውስጥ አታውሩ!

ሒሳቡ ይኸው ነው፦ ይዤ የወጣሁት አንድ ቡችላ፣ ይዤ የገባሁት አንድ ቡችላ። በግ አንድ ጎድሏል።