ለአይጥ አዝኜ የደፋሁት መድኃኒት

አንድ ጊዜ የታመሙ አይጦችን መድኃኒት ደፍቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን «እጄን አዳልጦኝ» ይባላል፤ እኔ ግን ስድስት ቀን ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ አስቤበት ነው የደፋሁት።

መቼም እኛ ሰዎች ከመድኃኒት ጋር ያለንን ጠብ ታውቁታላችሁ። በኔ ዕድሜ ካላችሁ መካከል አፍንጫው ተይዞ ኮሶ ያልተጋተ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ እናቴ ጉልበቴን ጠፍንጋ፣ አባቴ አፍንጫዬን ጨምድዶ፣ ጎረቤት ደግሞ «አይዞሽ፣ ማር ነው» እያለ ሲያጠጡኝ ያደግሁ ነኝ። መራራ ነገር ወዶ የሚጠጣ ፍጡር አለ ቢሉኝ ከየት አምናለሁ?

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ግድም፣ ሐዋሳ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የአይጥ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አትሳቁ፤ ጋዋን ያለው ሥራ ነው። ሀሜሶ የሚባል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጥናቱን የሚሠራባቸው ነጫጭ አይጦች ነበሩት። በሽታቸው ጉድ ነው፤ ከሕመም ሊጠብቃቸው የተሰጣቸው የሰውነታቸው ኃይል ዞሮ የገዛ አካላቸውን ይወጋል። የጠባቂ ውሻ ጌታውን ሲነክስ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ላይ ሁለት ጠርሙስ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ስኳር ውኃ፣ ሌላው ያንን የተሳሳተ ኃይል የሚያበርድ መራራ መድኃኒት የተቀላቀለበት ስኳር ውኃ። የሚያስገድዳቸው የለም። ሀሜሶ ማወቅ የፈለገው የታመመች አይጥ ወዳ ትጠጣው እንደሆነ፣ ከጠጣችም ጠባይዋ ይለወጥ እንደሆነ ነው። የኔ ሥራ ጠርሙስ መሙላት፣ ከየጠርሙሱ ስንት እንደተጠጣ መመዘንና መመዝገብ።

ጠጡት። እኔ ደግሞ «ማር ነው» ተብለው የተታለሉ መስሎኝ አዘንኩላቸው። መራራውን ደፍቼ በሁለቱም ጠርሙስ ንጹሕ ስኳር ውኃ ሞላሁላቸው። የዚያን ቀን ጽድቅ እንደሠራ ሰው ባጃጅ ውስጥ ተኮፍሼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ኩርምት አሉ። አዲስ ነገር ሲገባላቸው ሮጠው ያሸቱ የነበሩት ጸጉራቸው ቆሞ፣ ጥግ ይዘው አኮረፉ። አንዷማ ካንዱ ጠርሙስ ትቀምሳለች፣ ትተወዋለች፣ ሌላው ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ምን እንደምትፈልግ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መድኃኒቱን ልመልስ እልና «ድንገት ቢድኑ ምን አድርገሽ ነው እባላለሁ» ብዬ እፈራለሁ።

በስድስተኛው ቀን ግምገማ ነበረን። የዚያን ዘመን ግምገማ ታስታውሳላችሁ፤ ብልሃቱ ትንሿን ጥፋት አዋጥቶ ትልቋን ማትረፍ ነው። አለቃችን ተነሡና «ሀሜሶ በክትትል ጉድለት እንስሳቱን ለጉዳት ዳርጓል፤ ጥናቱ ነገ ይዘጋ» አሉ። የሁለት ዓመት ልፋቱ! ተራዬ ሲደርስ ቆሜ ግለ ሂሴን አደረግሁ፤ «አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ።»

ስለ ቅንነቴ ተመሰገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሀሜሶ ሣጥኖቹን ሊያወርድ መጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ሁሉንም ነገርኩት።

«ስንት ቀን?» አለ።

«ስድስት።»

«መዝገቡ ላይ ያለው ሚዛን ግን እውነት ነው?»

«ሚዛኑንስ አልዋሸሁም።»

ጠርሙስ እንደያዘ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ይጮህብኛል ስል ይስቅ ጀመር። ለካ መድኃኒቱ ከሸፈ ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቷል።

«ወይንሸት» አለኝ ዕንባውን እየጠረገ፣ «ለአይጥ ያዘንሽውን ያህል ትናንት ለኔ ብታዝኚ ምን ነበረበት?»

አለቃችን ዘንድ ሄዶ «መድኃኒቱ በስህተቴ ተቋርጦ ነበር» ብሎ አንድ ሳምንት አስፈቀደ። ስሜን አልጠራም። መድኃኒቱ ሲመለስላቸው አይጦቹ ተሻምተው ጠጡ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ሣጥናቸውን ያስሱ ጀመር። እኔም አብሬያቸው ተነፈስኩ። ሀሜሶ ስድስቱን ቀን ሳይሸሽግ የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ አስገባ፤ ፈታኞቹም ከሁሉ ይበልጥ የወደዱት እሱኑ ሆነ፤ መድኃኒቱ ሲቀር መታመማቸው፣ ሲመለስ መዳናቸው ሥራውን መስክሮለታላ። ምስጋናው ላይ እኔንም ጠቅሶኛል፤ «ለትጋቷ» ይላል።

ማረፉንስ አርፌያለሁ። ብቻ በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ አጥፊው እስከ ዛሬ ሀሜሶ ነው። እነሆ አሁን አውቃችኋል፤ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።