ሊያና ቅጽል የላትም

እኛ ሐረር ውስጥ ሰው ሁለት መታወቂያ አለው። አንዱን ቀበሌ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውን ሰፈር። የቀበሌው ፎቶ ይፈልጋል፣ ማኅተም ይፈልጋል፣ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ተሰልፎ ማሳደስ አለ። የሰፈሩ ግን ፎቶም አይጠይቅ፣ ጊዜውም አያልፍ። አንድ ቀን ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ አንዱ ከማዶ በአዲስ ስም ይጠራችኋል፤ በቃ፣ ተመዘገባችሁ። ቅጽል ይባላል። አንድ ጊዜ በዝናብ የተንሸራተተ ሰው ዕድሜ ልኩን «ሸርተቴ» ነው። በልጅነቱ ለእንግዳ የተቀመጠ ሙዝ የበላ ሰው የልጅ ልጅ ካየ በኋላም «ሙዙ» ነው። ሐኪም ቢሆን እንኳ «ዶክተር ሙዙ» ይሆናል እንጂ ሙዙ አይነሳለትም።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። ቅጽል ማለት ሰፈሩ «ጉድለትህን አይተናል፤ ቢሆንም ና፣ ቁጭ በል» የሚልበት መንገድ ነው። ቅጽል የሌለው ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ገና ከአውቶቡስ አልወረደም።

የእኔ ቅጽል «አቤቱታ» ነው። ሸዋ በር፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ትንሽ ፈንጠር ብላ ባለች ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ በድሮው አጠራር ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ቅጽሉ የመጣው ከሙያዬ ነው እላለሁ። ሰፈሩ ደግሞ ከጠባዬ ነው ይላል፤ ሻዩ ቀጠነ፣ ባጃጁ ጮኸ፣ ፀሐይዋ በዛች እያልኩ ስለማማርር ነው አሉ። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

ሙያዬን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም፤ ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው። ማመልከቻ ውስጥ መጥፎ ሰው የለም። ይኼን ሁሉ ዓመት ስጽፍ አንድ ሰነፍ፣ አንድ ተንኮለኛ፣ አንድ ነገረኛ በእጄ አላለፈም። ሁሉም ታታሪ፣ ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም «ከማንም ጋር ተጋጭቶ የማያውቅ» ነው። ከተማው ውስጥ የሚጋጩት ታዲያ እነማን እንደሆኑ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ጠዋት ኮሌጅ ትውልና ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ ትመጣለች፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ትዕግሥት ስትናገር ትንተባተባለች። በተለይ የ«ተ» ቤት ሆሄያት ይይዟታል፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የገዛ ስሟ የሚጀምረው ከዚያው ቤት ነው። ስሟን ለመስማት ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል እያልኩ እቀልድ ነበር። አሁን ሳስበው ቀልዱ የሚያስቀው እኔን ብቻ ነው። ባጃጅ ውስጥ ስሟን ከጠየቋት «ሊያ» ትላለች፤ «ለ» አይይዛትማ።

ሰፈሩ ያወጣላት ቅጽል ደግሞ «ኔትወርክ» ነው፤ ንግግሯ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ሰው ፊት ቆማ ስታነብ አንዱ ከኋላ «ኔትወርክ የለም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቆማ አንብባ አታውቅም። ቅጽል ክፋት አይደለም ብያችሁ ነበር፤ ይኼኛው ግን ክፋት ነበረበት፣ አልዋሽም።

በአፏ ያጣችውን በጣቷ ታገኘዋለች። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ አንድ ተከታታይ ልብ ወለድ አለ። ከድሬ ወደ ሐረር በሚመጣው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍተው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስለማይነጋገሩ ሁለት እህትማማቾች ነው። አንባቢዎቹ ሳምንት መጠበቅ ሲያቅታቸው ከታሪኩ ላይ የራሳቸውን ታሪክ ቀጥለው፣ የራሳቸውን ሰው አስገብተው ይጽፋሉ። «ቅጥያ» ይሉታል። የሰው ግድግዳ ተጠግቶ የራስን ክፍል መሥራት ነው፤ ጀጎል ውስጥ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ትዕግሥትም ቅጥያ ጻፈች። ያስገባቻት ሰው ሊያና ትባላለች። ሊያና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሐኪም ናት። አማርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ዓረብኛ አንድም ጊዜ ሳይዛት ታንቆረቁረዋለች። ተቆጥታ አታውቅም፤ ጫማዋ ጭቃ ነክቶት አያውቅም። የባጃጅ ሹፌሮች ገና ሲያዩአት ሳትጠይቃቸው ዋጋ ይቀንሳሉ፤ እዚህ ላይ እኔም ደንግጫለሁ። እህትማማቾቹ አርባ ክፍል ሙሉ የተኳረፉበትን ጉዳይ ሊያና ገብታ በአንድ አንቀጽ ፈትታ አስታረቀቻቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወጡን ምድጃ ላይ ትተው ስለ ሊያና ውበት ሲያወሩ ይውላሉ።

አስተያየት ጎረፈ። አንዱ «ይቺ ልጅ ሽንት ቤት ትሄዳለች?» አለ። አንዷ ደግሞ «የሐረር ልጅ ናት ካልሽ፣ ሰፈር ውስጥ ምን ብለው ነው የሚጠሯት? ቅጽሏ ማነው?» አለች። ትዕግሥት ለመጀመሪያው ልትመልስ ትችል ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን ስልኳን ዘጋች፤ ሊያና ቅጽል የላትም።

እንግዲህ ሳቁ ብቻውን ቢሆን ያልፍ ነበር። የሐረር አንባቢዎች በሳምንቱ ቅዳሜ አዲሱ ከተማ አንድ ካፌ ተገናኝተው፣ እያንዳንዱ ቅጥያውን ቆሞ ሊያነብ ተቀጣጥረዋል። ትዕግሥትም ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነባለሁ ብላ ስሟን አስመዝግባ ነበር። አሁን አላነብም አለች። ጽሑፉንም አጠፋዋለሁ፣ ከእንግዲህም አልጽፍም አለች። እኔ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷ ቆማ እንድታነብ።

ስለዚህ ልረዳት ተነሳሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ጽሑፉን ተቀብዬ እንደ ባለሙያ መረመርኩትና ማስረጃ ያንሰዋል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረስኩ። ሊያናን ወላጅ አልባ ሕፃናት እንድታሳድግ አደረግኋት። በየጊዜው ደም አስለገስኳት። ከማንም ጋር ተጋጭታ እንደማታውቅ ሦስት ጎረቤት አስመሰከርኩላት። ከእኔ እጅ ስትወጣ ለቅድስና የቀራት ማኅተም ብቻ ነበር። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው።

ትዕግሥት አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ሥራ ልታስቀጥራት ነው?» አለችኝ። ምንም ሳይዛት ነው የተናገረችው፤ ስትናደድ አይይዛትም።

በእሷ ብቻ አትፍረዱ። ሊያናን ያልጻፈ ማን አለ? ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው ስለ ሙሽራው ሲናገር ሊያናን ነው የሚያወራው። ለቅሶ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ሊያና ነው። ስልካችን ላይ የምንለጥፈው ፎቶም ያው ነው። ትዕግሥት ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ምክንያት ነበራት። ሊያና ማለት የማትንተባተብ ትዕግሥት ነበረች። ይኼንን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አላየሁም፤ ደም በማስለገስ ተጠምጄ ነበር።

በማግስቱ አዴ ኑሪያ መጡ። ከድሬ ጠያራ ገጠር አትክልት እያመጡ ሸዋ በር የሚሸጡ፣ እናቴ ሊሆኑ ስለሚችሉ «አዴ» የምላቸው ሴት ናቸው። ገበያው ሲደለደል ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ከቆዩበት ቦታ ተነስተው ሰው የማያልፍበት ጥግ ደርሷቸዋል፤ የቀድሞ ቦታዬ ይመለስልኝ ብለው ሊያመለክቱ ነው። እንደ ልማዴ ተናገርኩ፣ ትዕግሥት ጻፈች፣ አነበብኩላቸው። «አመልካች ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ…»

«ቆይ» አሉኝ። «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ አዴ።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። ሰው እንዲህ የሚወራለት ሲሞት ነው። ልጆቼ ይኼን ወረቀት ቢሰሙ ለቀብር ይሰበሰባሉ» አሉ። «ኑሪያ ዝምተኛ ናት ብትል ገበያው በሙሉ ይስቃል። ኃላፊውም ቢሆን ሚስቱ ከእኔ ነው የምትገዛው፣ ያውቀኛል። ኑሪያ ሚስማር ብለህ ጻፍ። ምላሷ ረጅም ነው፣ ቲማቲም በጣቱ ከሚጨምቅባት ሰው ጋር ትጣላለች፣ ግን ሃያ ዓመት ከዚያ ድንጋይ አጠገብ አልተነቃነቀችም ብለህ ጻፍ። ሚስማር ያሉኝ ለምን ሆነና?»

ለካ ቅጽላቸው ራሱ ማስረጃ ነው። ሰው ሁሉ ሚስማር የሚላቸው እዚያ ቦታ ላይ ስለተመቱ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኔ ስንቱን ባለጉዳይ በአያያዝ እንደቀደድኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ትዕግሥት ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። «አዴ፣ ሚስማር ሲሉዎት ተ… ተ…»

እኔ ልጅቷን ሲይዛት ቃሉን የማቀበል ልማድ አለኝ፤ መርዳቴ ነው። አሁንም «ተጎድተው» ልላት ስል አዴ ኑሪያ እጃቸውን አነሱብኝ። «ተዋት፣ ትጨርስ» አሉ። ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የሚሄዱበት እንደሌለ ሰው ጠበቋት። ውጭ የሚኒባስ ረዳት «ድሬ፣ ድሬ» ይላል። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። አሁንም ጠበቋት።

«ተቆጥተው አያውቁም?» አለች ትዕግሥት በመጨረሻ።

እኔ ላቀብላት የነበረው ቃል አልነበረም። ስንት ዓመት የተሳሳተ ቃል ሳቀብላት ኖሬ ይሆን?

«ተቆጥቻለሁ እንጂ» አሉ አዴ ኑሪያ። «መጀመሪያ የጠራኝን ልጅ በድንች ነው የመታሁት። በኋላ ግን፣ ሚስማር ባይኖር በሩ በምን ይያዛል አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው እስኪጠራኝ አልጠብቅም። ሚስማር መጣች እያልኩ ነው ገበያ የምገባው።»

ወረቀቱን እሳቸው እንዳሉት ጻፍነው። ኃላፊው አንብቦ ሳቀ፣ እየሳቀም ፈረመ አሉ። አዴ ኑሪያ አሁን ከድንጋያቸው አጠገብ ናቸው፤ ስታልፉ ቲማቲሙን በጣታችሁ አትጭመቁ።

ትዕግሥት ያን ሳምንት ስትጽፍ ከረመች። ለእኔ አላሳየችኝም፤ ማስረጃ እንዳልጨምርበት ፈርታ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን «ጋሼ፣ ና እንሂድ» አለችኝ።

ካፌው ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶችና አንድ ሽበታም ነበርን። ተራዋ ሲደርስ ቆመች። ሊያናን አውጥታ በቦታዋ ሌላ ሴት ልጅ አስገብታለች።

«ስሟ ት… ት… ት…»

ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። አዴ ኑሪያ ያነሱብኝ እጅ ትዝ አለኝና በቃሉ ፋንታ አፌን በሻይ ሞላሁት። ትኩስ ነበር። ዋጥኩት።

ትዕግሥት ከወረቀቱ ቀና አለች። «ቆዩኝ» አለች፣ «ኔትወርክ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የዘጠነኛ ክፍሉ ሳቅ አልነበረም። ያኔ ሳቁባት፤ አሁን አብራቸው ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ «ስሟ ትዕግሥት ነው። ሰፈር ኔትወርክ ይላታል» ብላ ቀጠለች።

አዲሷ ልጅ ሐኪም አይደለችም፤ በእህትማማቾቹ ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች። ቅናት አለባት። ባጃጅ ውስጥ ስሟን ትዋሻለች። ማንንም አላስታረቀችም። አንድ ቀን ብቻ ታላቂቱ ለታናሿ መልእክት ትልክባትና መሀል ላይ ይይዛታል። ታላቂቱ ምን ሆነች ብላ ትመጣለች። ሁለቱ እህትማማቾች ልጅቷ እስክትጨርስ ጓዳው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቃሉ። በአርባ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው። እዚህ ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሻዩ አላመካኝም።

ልጅቷ አጎትም አላት። አቤቱታ ይሉታል። ሻዩ ቀጠነ ይላል፣ ፀሐይዋ በዛች ይላል። ልጅቷን ከመውደዱ የተነሳ ቃሏን ከአፏ እየነጠቀ ይጨርስላታል፤ የሚጨርሰውም ሁልጊዜ ተሳስቶ ነው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ዘግይቼ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ትዕግሥት ሦስት ጊዜ ተይዛ፣ ሦስቱንም ጊዜ ራሷ ተላቅቃ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች።

በማግስቱ ቅጥያው ቴሌግራም ላይ ወጣ። ያ የሽንት ቤቱ ሰውዬ «ይቺንስ አውቃታለሁ፤ የእኛ ሰፈር ልጅ ናት» ብሎ ጻፈ። እሰየው ብዬ ሳልጨርስ ከሥሩ ይኼን ጨመረበት፦ «አጎትየው ግን ተጋኗል። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ የለም።»

ይኼ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስልኬን አውጥቼ ጀመርኩ። «ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬን ስለማሳወቅ።» ትዕግሥት ከትከሻዬ በላይ አንብባ በሳቅ ወደቀች።

«ጋሼ፣ ተ… ተ…» አለች።

«ተዋቸው» ልትል ነው፤ አውቄዋለሁ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ጠበቅኳት።

«ተጨማሪ ማስረጃ አያይዝበት» አለችኝ።